ቆጣሪው የመጣ ዕለት

ጄኔቭ፣ መጋቢት 18 ቀን 1989 ዓ.ም.

ዘበንዬ፣

እንደምን ሰነበትህ፣ እንደምን ከረምህ እያልኩ ግማሽ ወረቀት መፍጀት አማረኝ፤ ግን የጠየቅከኝ ነገር ጊዜ አይሰጥም። ሰላምታውን ሌላ ቀን እጥፍ አድርጌ እልክልሃለሁ። ለምን አልደወልሽም እንዳትለኝ። ማዳም የስልክ ሂሳብ ሲመጣ በቀይ ቢክ እያሰመረች "ዙሪክ ማን አለሽ?" ትለኛለች። ወንድሜ አለ እላታለሁ። የቤት ሠራተኛ ወንድም ይኖራታል ብላ አስባ የምታውቅ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ጉዳይህ። ገበሬህ ጋሼ ሜትለር ለጉልበቱ ኦፕራሲዮን ሆስፒታል ሲገባ አንተ በረቱ ላይ ብቻህን ትቀራለህ፤ በዚያው ሳምንት ደግሞ ከመንግሥት የከብት ቆጣሪ ይመጣል። ይኼ ምክር የሚጠየቅበት ነው? የማን ልጅ ነህ? አንተ ትንሽ ስለነበርክ ላታስታውሰው ትችላለህ። የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ደብተሩን ይዞ ደጃችን የቆመ ዕለት አባባ ከአራቱ በሬዎች ሁለቱን ወንዝ ማዶ አሽሽቷቸው ነበር። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ሰውየው ለስላሳ ነበር፤ ፀጉሬን ዳሰስ አድርጎ "እናንተ ቤት ስንት በሬ አለ?" አለኝ። "አራት" አልኩት፣ እየቆጠርኩ በጣቴ። መዋጮው በአራት ተሰላ። አባባ አንዱን ሸጦ ከፈለ። አልመታኝም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ግን ስሜን አልጠራም፣ "አንቺ ልጅ" ነበር የሚለኝ።

ስለዚህ ስማኝ። መንግሥት የሚቆጥረው ሊወስድ ነው። የዚህ አገሩ ነጭ ነው፣ ጫማውን ጠርጎ ይገባል፣ አመሰግናለሁ ይላል፤ ሥራው ግን ያው ነው። ደግሞ ከሜዳ ተነሥቼ አይደለም የምፈራው። ባለፈው ሳምንት የማዳም ባል፣ ሙሴ፣ ለእራት የጋበዛቸው ሰዎች በሙሉ የንግድ ድርድር ሰዎች ነበሩ። ሥጋውን እያዞርኩ ስሰማ ወሬያቸው ስለ ስዊስ ገበሬ ነው። "ይቀነስ፣ ገና በብዙ ይቀነስ" ይባባላሉ። ከከብቱ ካልሆነ ከምኑ ሊቀንሱበት ነው?

የሰውየውን ከብት ደብቅለት። ሁሉንም አይደለም፣ ይነቁብሃል፤ አራት አምስት ጊደር ከዓይን ዞር አድርግለት። ሆስፒታል ተኝቶ ንብረቱን የጠበቅህለት መሆኑን ሲያይ መስከረም ላይ እፈርምልሃለሁ ያለህን የዓመት ኮንትራት ሳያቅማማ ይፈርማል። ኮንትራት ካለህ የመኖሪያ ፈቃድ፣ አንተ አውስቫይስ የምትለው፣ በእጅህ ነው። እሱ ካለ ሐሴትን ታመጣታለህ። ልጅህ እናቷ ከሞተች ወዲህ አገር ቤት ዘመዳችን ጸሐይነሽ ዘንድ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ጸሐይነሽ የራሷ አራት ልጆች አሏት፤ እስከ መቼ ትሸከምልሃለች?

ስለ እኔ ለጠየቅከው፣ ሁሉም ደኅና ነው።

እህትህ አገሪቱ


ዙሪክ፣ አፎልተርን፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1989 ዓ.ም.

እታለም፣

ያልሽው ሆኗል። ከሰላምታ በፊት ይህን የጻፍኩት እንቅልፍ እንዳጣሽ ስለማውቅ ነው።

"አልፈራህም ወይ?" ማለትሽ አይቀርም፤ ፈርቻለሁ። ጋሼ ሜትለር ከሆስፒታል ደውሎ "ሐሙስ ይመጣል፣ አንተ አሳየው" አለኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በስልክ አይናገርም ብዬ እኔም አልጠየቅሁትም። ሐሙስ ጠዋት ከአለባ በኋላ አምስቱን ጊደሮች ፈትቼ ከጫካው ወዲያ ወዳለው አሮጌ የድርቆሽ ቤት ወሰድኳቸው። ቃጭላቸው እንዳይጮኽ ሁለት ካናቴራ ቀድጄ ወሸቅሁበት። ፈረንጅ ላም ሰው ታምናለች፤ አንዷም ወዴት ነው ብላ አላስቸገረችኝም።

ቆጣሪው ወጣት ነው፣ በቢስክሌት መጣ። አሥራ አራት ቆጠረ። ወረቀቱን አየና እንደገና ቆጠረ። "ሌላ የለም?" አለኝ። "የለም" አልኩት። ጀርመንኛዬ አጭር መሆኑ ጠቀመኝ፤ ብዙ የማይናገር ሰው ብዙ የሚያውቅ አይመስልም። ሻይ ልስጥህ ስለው አይሆንም ብሎ ሄደ። በሻይ እንኳ የማይገዛ ሰው ነው።

ጋሼ ሜትለር ቅዳሜ በክራንች መጣ። ገና አልነገርኩትም። ጥቅሙን ሲያገኝ እነግረዋለሁ፣ ደስታውን ማየት እፈልጋለሁ። ሚስቱ ሞታለች፤ ልጁ አልትሽቴተን ሰፈር ቢሮ ይሠራል፣ ከበዓል በቀር አይመጣም። ማታ እኔና እሱ ድንች ቀቅለን እንበላለን። እሱ የላሞቹን ስም ያስተምረኛል፤ እኔ ደግሞ ጌታን እንዲያውቅ እጸልይለታለሁ። ጴንጤ ከሆንክ ወዲህ ነገርህ አያልቅም እንደምትይኝ አውቃለሁ።

ወንድምሽ ዘበነ


ጄኔቭ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 1989 ዓ.ም.

ዘበንዬ፣

እንኳን አደረሰህ። ሳትጾም ብትፈታም አደረሰህ።

ኮርቼብሃለሁ። አባባ ቢኖር ለመንደሩ ሁሉ ያወራልህ ነበር። "ለሐሴት ምን ልላክ?" ላልከኝ፣ ጫማ አትላክ፣ የዚህ ዕድሜ ልጅ እግር አይታመንም። እኔ ቀሚስ ገዝቻለሁ፣ ከፍ ያለ ልክ። እዚህ መጥታ እንድትለብሰው ብዬ ነው እንጂ አልልከውም።

የመኖሪያ ካርቴን ማን እንደሚይዘው ደጋግመህ አትጠይቀኝ። ማዳም ዘንድ ነው፣ አይጠፋም።

አገሪቱ


አፎልተርን፣ ግንቦት 20 ቀን 1989 ዓ.ም.

አገሪቱ፣

"ለምን ዝም አልክ?" ብለሽ ሁለት ጊዜ ጽፈሻል። ዝም ያልኩት ስድብ ብቻ ስለመጣልኝ ነው።

ከጌማይንዴው፣ እንደኛ ወረዳ ጽሕፈት ቤት በይው፣ ደብዳቤ መጣ። ጋሼ ሜትለር አንብቦ ጠረጴዛው ላይ ተወው፤ ወደ በረቱ ገብቶ እስከ ምሳ አልወጣም። እኔ ደብዳቤውን ኪሴ ከትቼ ኦርሊኮን ሰፈር ነህምያ ዘንድ ሮጥኩ። ከእኛ ጉባኤ ጀርመንኛ አጥርቶ የሚያነብ እሱ ነው። አንብቦ ሲጨርስ "ማነው እንዲህ ያደረገው?" አለኝ።

እዚህ አገር መንግሥት ለገበሬ ይከፍላል፣ አገሪቱ። አይወስድም፣ ይከፍላል። ለከብቱ በቁጥሩ፣ ለመሬቱ በስፋቱ፤ መሬትህ ተዳፋት ከሆነ ደግሞ ተዳፋት ነውና ብሎ ይጨምርልሃል። ቆጣሪው የመጣው ስንት እንደሚሰጥ ሊያውቅ ነበር። ጋሼ ሜትለር ቅጹ ላይ አሥራ ዘጠኝ ብሎ ሞልቷል፣ እውነቱን። የተገኘው አሥራ አራት። የሌሉ ከብቶች አስመዝግቦ የመንግሥት ገንዘብ ሊበላ ነበር ብለው ጽፈውበታል። የዘንድሮውን ክፍያ ሙሉ በሙሉ ከልክለውታል። ያለፉትንም ዓመታት እንመረምራለን ይላሉ። እንደገና ቁጠሩልኝ ብሎ ደውሎ ነበር። አይሆንም፣ ከቀኑ ወዲያማ ከጎረቤት ተውሰህ ልታሳየን ትችላለህ አሉት።

ነህምያ እንደሚለው መንገዱ አንድ ነው። ጊደሮቹን ያሸሸው ሰው ራሱ ቀርቦ "እኔ ነኝ" ብሎ ከፈረመ ይሰሙታል። ያ ሰው ግን ባለሥልጣን በማታለል ይከሰሳል። እንደኔ ወረቀቱ በየስድስት ወሩ የሚታደስ ሰው ደግሞ ተከሰሰ ከተባለ አበቃለት።

ነህምያን አስቀድሜ ብጠይቀው ኖሮ በአምስት ደቂቃ ይነግረኝ ነበር። የቤት ሚስጥር ነው ብዬ ለአንቺ ጻፍኩ። በአባባ በሬ የመጣብሽን ቁጭት በሰው ጊደር አወጣሽው። አሁንም የምጠይቀው ሌላ ሰው ስለሌለኝ እጠይቅሻለሁ፤ ምን ላድርግ?

ዘበነ


ጄኔቭ፣ ግንቦት 27 ቀን 1989 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

ስደበኝ። ደብዳቤህን መታጠቢያ ቤት ቆልፌ አነበብኩት፤ ማዳም በሩን እስክትደበድብ አልወጣሁም። ይቅርታ አድርግልኝ። ይህን ቃል ለማንም ጽፌ አላውቅም።

ከጎናችን ቤት የምትሠራው ትርፍነሽ ስንት ዓመቷ እዚህ፤ እሷን ጠየቅኋት። እውነት ነው አለችኝ። በዚያ እራት ላይ "ይቀነስ" የሚሉት ለገበሬው የሚሰጠውን ነበር ለካ። ለአንዲት ላም በዓመት የሚከፈለው እኔ ሁለት ወር ቀጥ ብዬ የማገኘውን ያህል ነው። ላም ሆኜ ተፈጥሬ ቢሆን እኔንም ቆጥሮ የሚከፍልልኝ ይኖር ነበር አልኳት። ትርፍነሽ ሳቀች፣ እኔ አልሳቅሁም።

"ምን ላድርግ?" ላልከው፣ አትናገር። ቢያንስ እስከ መስከረም። ክፉ መሆኔ አይደለም፣ አስበው። ሜትለር ዜጋ ነው፣ መሬት አለው፣ ቢሮ የሚሠራ ልጅ አለው። እሱ የሚያጣው ገንዘብ ነው፤ አንተ የምታጣው ልጅህን ነው። መስከረም ላይ ይፈርም፣ ፈቃዱ ይውጣ፣ ሐሴት ትምጣ፤ ከዚያ ሄደህ እግሩ ላይ ውደቅ። ያኔ እኔም አብሬህ እወድቃለሁ።

አገሪቱ


አፎልተርን፣ ሐምሌ 14 ቀን 1989 ዓ.ም.

አገሪቱ፣

አልጠረጠረም። ይህን ነው ለማወቅ የፈለግሽው፤ ጋሼ ሜትለር አልጠረጠረም መሰለኝ።

ዓርብ ዓርብ መንደሩ መጠጥ ቤት ካርታ ይጫወት ነበር፣ ትቷል። ትራክተሩን የሚዋሱት ሰዎች አሁን አይዋሱም። ወተት ማስረከቢያው ጋ ጠዋት አብሬው እሄዳለሁ። ባለፈው ሳምንት አምስት ቢዶን ወተት ሲያወርድ ከላይኛው እርሻ ያለው ጎረቤቱ ጮክ ብሎ ቆጠረለት፤ "ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት…" ሁሉም ሳቁ። ጋሼ ሜትለር ባዶዎቹን ቢዶኖች ጭኖ፣ ሁሉንም በየተራ ደኅና ዋሉ ብሎ፣ መጣ። መንገዱን ሙሉ የተናገረው ስለ ዝናብ ነበር። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ማጭድ እየሳልን "ልትነግረኝ የምትፈልገው ነገር አለ?" አለኝ። የለም አልኩት። ስለ ኮንትራቱ እንድጠይቀው ፈልጎ ይሆናል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ራሴ ልነግረው መኝታ ቤቱ በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ።

አልትሽቴተን ያለው ጉባኤያችን ለወረቀቴ ጾም ጸሎት ይዟል። በየእሑዱ ስሜ ይጠራል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እቀመጣለሁ እንጂ መጸለይ አቅቶኛል። ለምን ትናገራለህ ብለሽ ትቆጪኛለሽ ብዬ እንጂ ቢሆንልኝ ዛሬ በተናገርኩ። አንድ ቃል ብትጽፊልኝ እናገራለሁ። ንገረው በዪኝ።

ዘበነ


ጄኔቭ፣ ሐምሌ 25 ቀን 1989 ዓ.ም.

ዘበንዬ፣

አይ፣ አልታመምኩም። ጽሕፈቴ የተበላሸው ቆሜ ስለጻፍኩ ነው።

ሁለት ወር የማይሞላ ጊዜ ነው የቀረህ። ጸሐይነሽ ልጇ ታሞባት ሐሴትን ለጎረቤት ሰጥታ እንደሰነበተች ጽፋለች። እሱን አስብ። ሽማግሌውን እኔም እያሰብኩት ነው የማድረው፤ ግን ንገረው ብዬ አልጽፍልህም። አልችልም።

አገሪቱ


አፎልተርን፣ መስከረም 20 ቀን 1990 ዓ.ም.

አገሪቱ፣

ኮንትራቱ ተፈርሟል። ዕልል ከማለትሽ በፊት ግን ጨርሰሽ አንብቢው።

የፈረመው ጋሼ ሜትለር አይደለም። የዘንድሮው ክፍያ ሲቀር ለማጨጃው መኪና የተበደረውን ባንኩ ጠየቀው፤ ከብቱን ሊሸጥ ወሰነ። ከብት ለሌለው ገበሬ ደግሞ ሠራተኛ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ሰንበት ልብሱን ለብሶ፣ በዚያ ባልዳነ ጉልበቱ ዳገቱን ወጥቶ፣ ላይኛው እርሻ ሄደ። ወተቱን የቆጠረበት ሰው ዘንድ። እኔን እንዲቀጥረኝ ለመነው። ሁለት ሰዓት ቆየ። ሲመለስ ወረቀቱ በእጁ ነበር። ከኮንትራቱ ጋር የራሱንም ደብዳቤ አያይዟል፤ ነህምያ አንብቦልኛል። "ሦስት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል፣ ከብት ይወዳል፣ ታማኝ ሰው ነው" ይላል።

"እንዴት አስቻለህ?" ነው የምትይኝ? አላስቻለኝም። ግን ወሰድኩት።

ዘበነ


ጄኔቭ፣ ጥቅምት 7 ቀን 1990 ዓ.ም.

ዘበንዬ፣

ዕልል አላልኩም። ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ከፊሉ ግን የደስታ ነበር፤ አልዋሽህም።

አሁን እኔም የደበቅሁህን ልንገርህ። እነ ሙሴ ታኅሣሥ ላይ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። እኔን አይወስዱኝም። ካርቴ በእነሱ ስም የወጣ ስለሆነ እነሱ የሄዱ ዕለት ይሞታል፤ ሌላ ቤት በቶሎ ካላገኘሁ ውጪ ነኝ። ይህን የሰማሁት ግንቦት ላይ ነው፣ ያ ደብዳቤህ ከመምጣቱ ከሦስት ቀን በፊት። ስለዚህ ዝም በል ያልኩህ ለሐሴት ብዬ ብቻ አይደለም። አንተ ወረቀት ካለህ ቢያንስ የምገባበት በር አለኝ ብዬ ነው። ሐምሌ ላይ ንገረው በዪኝ ስትለኝ ብዕሩን አንሥቼ ነበር። ከዚያ ሻንጣዬን አሰብኩ።

እወቀው ብዬ ነው። ከዚህ በኋላ ልጠይቅህ አይገባም ነበር፣ ግን እጠይቃለሁ፤ መምጣት እችላለሁ?

አገሪቱ


አፎልተርን፣ ጥቅምት 25 ቀን 1990 ዓ.ም.

አገሪቱ፣

ትችያለሽ። አልጋ የለም፣ ወለል ላይ ፍራሽ አነጥፋለሁ። እህቴ ነሽ፣ መንገድ ላይ አልጥልሽም። ይህን መጀመሪያ የጻፍኩት የቀረውን ስታነቢ ተወኝ ብለሽ እንዳታስቢ ነው።

ቅዳሜ ጨረታው ነበር። ከብቶቹን አንድ በአንድ እየሳብኩ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጨረታ መሪው የእያንዳንዷን ስም እየጠራ፣ ስንተኛ እንደሆነች እየተናገረ ያሻሽጣል። መንደሩ በሙሉ ነበር። አምስቱን ጊደሮች ጋሼ ሜትለር መጨረሻ ላይ አድርጓቸዋል። አሥራ አምስት ሲባል አንዳንዱ ቀና አለ። አሥራ ዘጠኝ ሲባል ማንም አልሳቀም። ቀርቦ ይቅርታ ያለውም የለም። ቋሊማቸውን በልተው፣ ቢራቸውን ጠጥተው፣ ላሞቻቸውን ጭነው ሄዱ።

በረቱ ባዶ ሲሆን ተናገርኩ። ስንት ወር የተለማመድኩት ጀርመንኛ ጠፍቶኝ "እኔ ነኝ፣ ጊደሮቹን የደበቅሁት እኔ ነኝ" ብቻ አልኩ። መጥረጉን አላቆመም። "አውቃለሁ" አለኝ። ደብዳቤው በመጣ ማግሥት እያነከሰ የድርቆሽ ቤቱ ድረስ ሄዶ ነበር። ዓመት ሙሉ ከብት ባልገባበት ቤት አምስት ቦታ አዛባ አገኘ። ሰው እንዳያየው ብሎ ራሱ በአካፋ ጠረገው።

ለምን አልተናገርክም አልኩት። "አንተን ይወስዱህ ነበር። ልጅ እንዳለህ ነግረኸኛል" አለ። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ "እንድትነግረኝ ግን ጠብቄ ነበር። ለመንግሥት አይደለም፣ ለእኔ። ማታ ድንቹን ስናቀርብ፣ ዛሬ ይነግረኛል እል ነበር" አለኝ።

ማታ ማታ አገሪቱ፣ አምስት ወር ሙሉ። እኔ ደግሞ ከፊቱ ተቀምጬ ድንች ስልጥ ነበር፣ ስለ ቀኑ ሥራ እያወራሁ፣ አንቺ ከመስከረም በፊት አትተንፍስ ብለሽኛልና። በአንቺ አላሳብብም፣ አፉ የእኔ ነው። ግን ጠልቼሻለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ጠልቼሽ ሰነበትኩ፣ ዛሬም አልለቀቀኝም። እቅፌን ስትጠብቂ ፊቴ ቢጠቁርብሽ ምክንያቱን እወቂው።

ወረቀቱን አላስገባም ብዬ ነበር። ዛሬ ጠዋት ኦርሊኮን ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ወስጄ አስገባሁት፣ ታማኝ ሰው ነው ከሚለው ደብዳቤ ጋር። ጸሐፊዋ አንብባ ፈገግ አለችልኝ። እስከ ጥር ይወጣል ብላኛለች። በጸደይ ሐሴት እዚህ ናት።

አብረን እንኖራለን፣ ሦስታችን በአንድ ክፍል። ምግቧን ሥሪላት፣ ጸጉሯን ሥሪላት፣ ቀሚሷን አልብሻት። አንድ ነገር ብቻ ተዪልኝ፤ ሰው ሲጠይቃት ምን ብላ እንደምትመልስ አንቺ አታስተምሪያት።

ዘበነ